ማቭሪክ ከጠዳ ሲታይ

ባለፈው ክረምት በጠዳ የወጣቶች ኅብረታችን የቅዳሜ ከሰዓት ፕሮግራም ላይ ፊልም አየን። ፕሮጀክተሩን ከጎንደር ተውሰን፣ መስኮቶቹን በአንሶላ ጋርደን፣ መብራት እንዳይጠፋብን እየፈራን ነው ያየነው። ፊልሙ በ2014 ዓ.ም. የወጣው፣ ቶም ክሩዝ የሚሠራበት «ቶፕ ገን፦ ማቭሪክ» ነው። አብዛኞቻችሁ በስልካችሁ ስላያችሁት ታሪኩን እንዳላበላሽባችሁ ብዬ አልሳቀቅም። ያላያችሁት ካላችሁ ይህን ገጽ እለፉትና ፊልሙን አይታችሁ ተመለሱ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁለት ጥያቄ ቀረበልኝ። የመጀመሪያው ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የመጨረሻው ሙዚቃ ገና ሳያበቃ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ተዋጊ አብራሪ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም። ቤታቸው ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርደውን አውሮፕላን ድምፅ ሰምቶ ሰዓቱን የሚናገር ልጅ ነው። ሁለተኛዋ ጠያቂ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች እህት ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ሚሳይል የወደቀበት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዘበኛ አልነበረም?» አለች። ጥቂት ልጆች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን መልስም አልነበረኝም። ለሁለቱም መልስ ስላለብኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ማቭሪክ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ነው። ከ30 ዓመት በላይ አገልግሎ ማዕረጉ ከካፒቴን አላለፈም፤ አለቆቹን አይሰማማ! አንድ ቀን ወጣት አብራሪዎችን ለልዩ ተልእኮ እንዲያሠለጥን ይጠራል። ስሙ በማይነገር አገር፣ በተራሮች መካከል የዩራኒየም ማበልጸጊያ ተሠርቷል። ከራዳር ለመሰወር በሸለቆ ውስጥ ዝቅ ብሎ መብረር፣ ቦምቡን መጣል፣ ከዚያ ከፊት የተገተረውን ተራራ ሽቅብ መውጣት ያስፈልጋል። ከሠልጣኞቹ አንዱ ሩስተር ነው። አባቱ በ1978 ዓ.ም. በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ከማቭሪክ ጋር ሲበር የሞተ ጓደኛው ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ስለ ቂምና ስለ ይቅርታም ነው፤ በዚህ በኩል ብዙ አልከራከረውም። ሁለቱ ሲታረቁ ከእኛ መካከል ዓይኑን የጠረገ ነበር።

ከብዙ የጦር ፊልሞች የሚለይበት ነገር ደግሞ ስለ ሰው ሥጋ እውነቱን መናገሩ ነው። ተዋናዮቹ በእውነተኛ ኤፍ-18 የኋላ መቀመጫ ተቀምጠው፣ ፊት ለፊታቸው ካሜራ ተገጥሞ ነው የተቀረጹት። አውሮፕላኑን የሚያበርረው ከፊት ያለው የባሕር ኃይል አብራሪ ነው፤ ተዋናዮቹ ፊት ላይ የምታዩት መጣመም ግን ትወና አይደለም። ጉንጫቸው ወደ ታች ይወርዳል፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፣ ዓይናቸው ይፈዛል። ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሚኒባስ ኩርባ በፍጥነት ሲታጠፍ ወደ ጎን የሚገፋችሁን ኃይል ታውቁታላችሁ። ተዋጊ ጄት በታላቅ ፍጥነት ሲታጠፍ ወይም ሽቅብ ሲመነጠቅ ያው ኃይል አብራሪውን ወደ መቀመጫው ይጫነዋል። የሚለካውም በመሬት ስበት ነው፤ «ጂ» ይሉታል። 9 ጂ ማለት ክብደትህ በ9 ተባዛ ማለት ነው። 60 ኪሎ የሆነ ልጅ 540 ኪሎ ይሆናል፤ አምስት ኩንታል ጤፍ ከነትርፉ። ራሱና የራስ ቁሩ አንድ ላይ 6 ኪሎ ቢመዝኑ፣ አንገቱ 54 ኪሎ ተሸክሞ ወደ ኋላ ዞሮ ጠላት መፈለግ አለበት።

ከክብደቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ደሙ ነው። ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለም ይጠፋል፤ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ቀጥሎ የሚታየው ነገር ከዳር እየጠበበ ይሄድና ጨለማ ይመጣል፤ ከዚያ ራስን መሳት ነው። በፊልሙ ውስጥ ኮዮቲ የሚባለው ሠልጣኝ ሽቅብ ሲወጣ ራሱን ስቶ አውሮፕላኑ ወደ መሬት ሲወረወር አይታችኋል፤ እውነት የሆነ ነገር ነው፣ እንዲህ ሆኖ የሞተ አብራሪ ብዙ ነው። አብራሪዎች እግርና ሆዳቸውን በአየር እየተሞላ የሚጨምቅ ልብስ ይለብሳሉ፤ ልብሱ ግን ብቻውን አይበቃም። ጭናቸውንና ሆዳቸውን አጠንክረው፣ ትንፋሽ ይዘው፣ በየሦስት ሴኮንዱ ገደማ አጭር ትንፋሽ እየለወጡ ከገዛ ደማቸው ጋር ይታገላሉ። በዚያ ትግል መካከል መሣሪያ ያነባሉ፣ በሬዲዮ ያወራሉ፣ ያሰላሉ። ስለዚህ የፊዚክስ መምህርህ ስለ ክብ እንቅስቃሴ ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጠህ ስልክህን የምትነካካ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ገና አልጀመርከውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፊልሙ ሲጀምር ማቭሪክ ከድምፅ ፍጥነት አሥር እጥፍ በላይ ሲበር አውሮፕላኑ ይበታተናል፤ እርሱ ግን ፊቱ አቧራ ለብሶ አንድ የገጠር ምግብ ቤት ገብቶ ውኃ ይጠጣል። በዚያ ፍጥነት ከአውሮፕላን ወጥቶ ውኃ የሚጠጣ የለም። በጣም ባነሰ ፍጥነት እንኳ በተወርዋሪ መቀመጫ የወጣ አብራሪ የጀርባ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። አዳራሹ በሙሉ በዚህ ትዕይንት ሳቀ፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን የፊልሙ ትልቁ ውሸት ከዚህ ሳቅ ኋላ መግባቱ ነው።

«ማቭሪክ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቴክሳስ ሳሙኤል ማቭሪክ የሚባል ሰው ነበር። ሌላው ሰው ከብቱን ምልክት ሲተኩስበት እርሱ አልተኮሰም። ከዚያ ወዲህ ምልክት የሌለው፣ ከመንጋው ውጪ የሚዞር ጥጃ ማቭሪክ ተባለ፤ ቀጥሎም እንደ ልቡ የሚሄድ ሰው። ፊልሙ ይህን ስም የመረጠው አውቆ ነው። ማቭሪክ አለቃው በረራውን ሲከለክለው ሳይፈቀድለት አውሮፕላን ይዞ ይወጣል፣ መንገዱ የሚቻል መሆኑን ብቻውን በርሮ ያሳያል። ቅጣቱ ምንድን ነው? የተልእኮው መሪ ሆኖ ይሾማል! ወጣቶቹንም የሚመክራቸው ማሰቡን ትተው እንዲያደርጉ ነው። ፊልሙ የሚለን፣ አብራሪ ይወለዳል እንጂ አይሠራም፤ የሚያስፈልገው ልብና ድፍረት ነው፤ ደንብ የፈሪዎች ነው።

የጠዳ ገበሬ ይህን ፊልም ቢያይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ወይፈን ሲገራ ብቻውን አይለቀቅም፤ ከነባር በሬ ጋር ይጠመዳል። ነባሩ በሬ ትልሙን ያውቃል። ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲቆም ይቆማል፣ ወይፈኑ ሲያፈነግጥ ቀንበሩ ይመልሰዋል። ጉልበቱ ያለው ወይፈኑ ጋ ነው፤ እርሻው የሚታረሰው ግን ጉልበቱ ልክ ሲይዝ ነው። የበረራ ትምህርትም ከዚህ አይለይም። ተማሪው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ውስጥ ከአስተማሪው ጋር ይጠመዳል። አስተማሪው የራሱ መሪ አለው፤ ተማሪው ሲሳሳት እጁን ይጭናል። ብቻውን የሚበርበት ቀን፣ «ሶሎ» የሚሉት፣ የሚመጣው አስተማሪው ከእንግዲህ እጄን አልጭንም ሲል ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ዝርዝሩን ነጥብ በነጥብ ያነባል፤ ሃያ ዓመት የበረረውም ያነባል፣ በቃሌ ይዤዋለሁ አይልም። ከበረራ በኋላ ደግሞ ሁሉም ተሰብስበው ስህተታቸውን ይናገራሉ። ማዕረግ ያለው ሰው በበታቾቹ ፊት «እዚህ ላይ አጥፍቻለሁ» ካላለ ስብሰባው ዋጋ የለውም። በኅብረታችን ውስጥ ይህን ማድረግ ምን ያህል እንደሚከብደን አስቡት።

በአገራችን ይህ ሥራ ዛሬ አልተጀመረም። የመጀመሪያዎቹ የጦር አውሮፕላኖች በ1921 ዓ.ም. መጨረሻ በተፈሪ መኮንን ጊዜ አዲስ አበባ ደረሱ፤ ፖቴዝ የሚባሉ የፈረንሳይ አውሮፕላኖች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ይጠራሉ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉ በቢሾፍቱ እንደ አዲስ የተቋቋመው በስዊድናውያን እርዳታ ነው፤ መሪያቸው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። እርሳቸውን ኋላ እመለስባቸዋለሁ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ተማሪው ጉዞውን የሚጀምረው ሳፊር በምትባል ትንሽ የስዊድን አውሮፕላን ነበር። ከዚያ ቲ-28፣ ከዚያ ቲ-33 ጄት፣ ከዚያ ተዋጊዎቹ፣ ኤፍ-86 እና ኤፍ-5። በየደረጃው የሚቀር አለ። ከቀሩትም ብዙዎቹ ድፍረት አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ትዕግሥት ወይም ዓይን ወይም ሒሳብ ነው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ የታየው በሶማሊያ ጦርነት ነው። በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ አየር ኃይሉ ሚግ-21 እና ሚግ-17 ነበረው። የኛዎቹ በኤፍ-5 ገጠሙት። በጥቂት ወራት ውስጥ የአየሩ የበላይነት ወደ ኢትዮጵያ ዞረ፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም ዋናውን ምክንያት በአብራሪዎቹ ሥልጠና ላይ ያደርጉታል። እዚህ ላይ የፊልም ወዳጆችን የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። በ1978ቱ «ቶፕ ገን» ውስጥ ጥቁር ቀለም የተቀባው የጠላት አውሮፕላን «ሚግ-28» ይባላል። እንዲህ የሚባል ሚግ ኖሮ አያውቅም። ሆሊውድ ጠላት አድርጎ ያሠራው ኤፍ-5ን ነው፤ ያው የእኛ አብራሪዎች በኦጋዴን ሰማይ የበረሩበትን ዓይነት። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ከእነዚያ አብራሪዎች አንዱ ለገሰ ተፈራ በሶማሊያ እስር ቤት ነበሩ።

ለገሰ ተፈራ በዚያ ጦርነት የጠላት አውሮፕላኖችን መትተው ጥለዋል። ከዚያ የእርሳቸውም ተመታና በጃንጥላ ወርደው ተማረኩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ተስማምተው ምርኮኞች ሲለዋወጡ ነው። 11 ዓመት። አሁን ወደ ፊልሙ ተመለሱ። ማቭሪክና ሩስተርም በጠላት ምድር ተመትተው ይወድቃሉ። ከዚያስ? በበረዶ ላይ ትንሽ ይሮጣሉ፣ ከጠላት ጣቢያ አሮጌ ኤፍ-14 ይሰርቃሉ፣ ሁለት ዘመናዊ ተዋጊዎች ይመታሉ፣ ሦስተኛውን ጓደኛቸው ደርሶ ይጥልላቸዋል፣ ሳይመሽ መርከባቸው ላይ ያርፋሉ። ይህን ያየ ልጅ የአብራሪ ትልቁ ፈተና በአየር ላይ ያለው ሁለት ደቂቃ ተኩል ይመስለዋል። 11 ዓመት ግን ፊልም አይሆንም። ክፍሉ አንድ ነው፤ ቀኑ ከትናንት አይለይም። የሚደነቅ ኩርባ የለም፤ የሚያጨበጭብም የለም። ለዚህ የሚያዘጋጅ አስመሳይ ኮክፒት አልተሠራም። ስለዚህ አብራሪ ለመሆን ምን እንደሚያስፈልግ ለሚጠይቀኝ ልጅ፣ ዓይንህ ደኅና ነው ወይ ብዬ ከመጠየቄ በፊት፣ ማንም ሳያይህ ስንት ጊዜ ትቆያለህ ብዬ ልጠይቀው እወዳለሁ።

ፊልሙ ፍትሐዊ ስለሆነበት ነገር ደግሞ ላመስግነው። መክፈቻው ላይ ማንም ጀግና ከመታየቱ በፊት የመርከቧ ሠራተኞች ይታያሉ፤ በየሥራቸው ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ሹራብ ለብሰው፣ በእንፋሎት መካከል በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ። ከፊልሙ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ መጥፋታቸው ነው። በ1969 አሜሪካ ወታደራዊ እርዳታዋን ስታቋርጥ የመለዋወጫው ነገር ለአየር ኃይሉ ከባድ ጥያቄ ሆነ፤ እነዚያ ኤፍ-5ዎች የበረሩት መሬት ላይ በቀሩት ቴክኒሻኖች እጅ ነው። ስማቸውን የሚያውቅ ስንት ነው? ከእናንተ አንዳችሁ ዓይኑ አልፈቅድ ብሎት አብራሪ መሆን ቢቀርበት፣ የእጁ ዘይት ካልለቀቀው ሰው አጠገብ ቆሞ ያስብ።

ለመጽሔታችን ገጣሚዎችም አንድ ቃል አለኝ። በየሩብ ዓመቱ ከምትልኩልን ግጥም ውስጥ ንስር ያልበረረበት ጥቂት ነው። ኢሳይያስ 40ን አልቃወምም። ነገር ግን በግጥሞቻችሁ ውስጥ ንስሩ ሁልጊዜ ይወጣል እንጂ አይወርድም፤ ከላይ ሆኖም ወደ ታች አያይም። «ማቭሪክ» የተሠራው በዚሁ ልማድ ነው። ንስር ግን የሚያየው ወደ ታች ነው፤ ዓይኑ የተሰጠው ለዚያ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ የመጣነውም በዚህ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጠላት ስም የለውም፣ ቋንቋ የለውም፣ ፊት የለውም። የጠላት አብራሪዎች ፊት በጥቁር መስተዋት ተሸፍኗል። አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት ፊልሙ በየአገሩ እንዲሸጥ ይሆናል። ውጤቱ ግን ተመልካቹ ሞትን ያለ ሟች ማየቱ ነው። እኛ እንዲህ ያለ ጠላት ኖሮን አያውቅም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ስንዋጋ፣ ከወዲያ በኩል ካሉት አብራሪዎች መካከል ቀድሞ በእኛው አየር ኃይል ያገለገሉ ነበሩ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በግንቦት ወር መጨረሻ አስመራ ላይ ተመትተው ሲወድቁ የማረካቸው ኃይል ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ የማረካቸው ነበር። ከሁለተኛው ምርኮ አልተመለሱም። በዚያው ሳምንት የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ ላይ በጣሉት ቦምብ በአይደር ትምህርት ቤት ልጆች ሞቱ። በቦምቡና በልጆቹ መካከል የነበረው አብራሪም ሰው ነው፤ እርሱም ተምሯል፣ ተመርጧል፣ 9 ጂ ችሏል።

ይህን ስናገር ጣቴን ወደ ጎረቤት ብቻ እንዳልቀስር ሐውዜን አለች። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር፤ በሐውዜን የገበያ ቀን። የራሳችን አየር ኃይል አውሮፕላኖች ገበያውን ደበደቡት። ከሺህ በላይ ሰው ሞተ። በኦጋዴን የተከበረው ያው አየር ኃይል ነው፤ በመካከሉ ያለፈው አሥር ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ስለ ለገሰ ተፈራ አንብቤ ስኮራ ሐውዜን ትመጣብኛለች፤ ስለ ሐውዜን ሳነብ ደግሞ ኩራቴን ሙሉ በሙሉ መጣል አልችልም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው። ፊልሙ ይህን ክብደት አላሸከመንም፤ ከአዳራሹ ቀልለን የወጣነው ለዚህ ነው።

ዮናስን አስታውሱ። ከነነዌ ወጥቶ፣ በከተማይቱ ምሥራቅ ተቀምጦ፣ ምን እንደሚደርስባት ሊያይ ይጠብቃል። ከሩቅና ከላይ ከተማ አንድ ነገር ናት። እግዚአብሔር ግን ይቆጥርለታል፤ ከመቶ ሃያ ሺህ በላይ ሰዎች፣ እንስሶችም ጭምር። መጽሐፉ የሚያልቀው በዚያ ቁጥር ላይ ነው፤ ዮናስ ምን እንደመለሰ አይነግረንም። እኔ ቦምብ የሚጥል ሰው ሁሉ ኃጢአተኛ ነው እያልሁ አይደለም። አገሩን የሚጠብቅ ሰው ክፉ ነው ብዬም አላስተምርም፤ ከኅብረታችን ቤተ ሰቦች ወታደር ያለበት ብዙ ነው። የምለው አብራሪው የሚቆጥር ሰው መሆን አለበት ነው። በፊልሙ ውስጥ ማቭሪክ በአንድ ነገር ከአለቆቹ ይሻላል፤ ወጣቶቹ ቦምቡን ጥለው እንዲመለሱም ይፈልጋል፣ ስለ ተመላሾቹ ያስባል። ቆጠራው ግን የእርሱን ወገን አያልፍም።

አሁን እህታችን የጠየቀችውን ትዕይንት አስታውሱ። ወጣቶቹ ወደ ተራራው ሲቃረቡ ከባሕር የተተኮሱ ሚሳይሎች የጠላትን አውሮፕላን ማረፊያ ይመታሉ። ማኮብኮቢያው ይፈነዳል፣ አዳራሻችን ጮኸ። ከዚያ አዳራሽ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሩቅ አይደለም። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ያ ማረፊያ በሮኬት ተመታ። የጮኹት ልጆች አብዛኞቹ ያን ሌሊት በጠዳና በአዘዞ ነበሩ፤ ጠዋት ወላጆቻቸው ምን ሲሉ እንደነበር ያስታውሳሉ። ማረፊያ ላይ ዘበኛ አለ፣ ጠራጊ አለ፣ ሻይ የምታፈላ እናት አለች፣ ለቆንጆ ደመወዝ ሳይሆን ለልጅ ደብተር የሌሊት ተራ የወጣ ሰው አለ። እህቴ፣ መልሱ አዎ ነው፤ ዘበኛ ነበረ። ፊልሙ ያላሳየሽ ቢያሳይሽ ስለማትጮኺ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር ድሮን ነው። በፊልሙ መጀመሪያ አንድ አድሚራል የማቭሪክ ዘመን እንዳለፈ፣ አብራሪ የሌላቸው አውሮፕላኖች እንደሚተኩት ይነግረዋል፤ ማቭሪክም ቢሆን ዛሬ አይደለም ብሎ ይመልሳል። ፊልሙ ይህን እንደ አብራሪዎች ኀዘን አቅርቦታል። በአገራችን ግን ያ ዘመን ደርሷል፤ ከ2014 ወዲህ በጦርነቶቻችን ውስጥ ድሮን ተሰማርቷል፣ ከእናንተም ድምፅ ሲሰማ ቀና ማለት የለመደ አለ። እንግዲህ አስቡት። ድሮን የሚመራው ሰው አንገቱ 54 ኪሎ አይሸከምም። ደሙ ወደ እግሩ አይወርድም። መነጽርም ሊያደርግ ይችላል። ተመትቶ 11 ዓመት አይታሰርም። ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ፣ ሥጋው፣ ልብሱ፣ ትንፋሹ፣ ከሥራው ወጥቶ ሄዷል። የቀረው ከታች ያለውን ሰው ማየትና እጅን መጫን ወይም ማንሣት ነው። ድሮን ያን አላቀለለውም። የወንድማችን ትውልድ ለፈተና የሚቀርበው ምናልባት በዚህ ብቻ ይሆናል፤ ፊልሙ ደግሞ ስለዚህ አንድ ደቂቃ አልሰጠም።

ፎን ሮዘንን እመለስባቸዋለሁ ብዬ ነበር። እኒህ ስዊድናዊ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ሊያበርሩ ነው። ከድል በኋላ ተመልሰው አየር ኃይላችንን አሠለጠኑ። ንጹሕ ሰው ነበሩ ብዬ አላቀርባቸውም፤ በ1961 ዓ.ም. በቢያፍራ ጦርነት ከአነስተኛ አውሮፕላን ራሳቸው ጥቃት አድርሰዋል። በ1960ዎቹ ረሀብ ግን እንደገና ወደ እኛ መጡ። መኪና ወደማይደርስባቸው ቦታዎች በአነስተኛ አውሮፕላን ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል በከረጢት ጣሉ። አስቡት፣ ሥራው ያው ነው፤ ዝቅ ብሎ መብረር፣ ሸለቆውን መከተል፣ በትክክለኛው ሴኮንድ መልቀቅ፣ ተራራውን ሳይነኩ መውጣት። ፊልሙ ሁለት ሰዓት የሚያስተምረን ጥበብ ሁሉ አለበት። ልዩነቱ ከረጢቱ ከመለቀቁ በፊት ከታች ሰው መኖሩን ማረጋገጥ ግድ መሆኑ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ለዚሁ የእርዳታ ሥራ ጎዴ ሳሉ የሶማሊያ ጦር ባደረሰው ጥቃት ሞቱ።

ፊልሙን አትዩ አልልም። አሁንም እዩት፤ በበረራ ትዕይንት ከእርሱ የሚበልጥ አላየሁም። በኅብረታችሁ ካያችሁት ግን ሚሳይሎቹ ማረፊያውን ከመምታታቸው በፊት አቁሙትና በማኮብኮቢያው ዳር ያሉትን ሕንፃዎች ቁጠሩ፣ በየአንዳንዱ ውስጥ ማን ሊኖር እንደሚችል ተነጋገሩ። እኛ በሚቀጥለው ወር ደግመን ስናየው እንዲህ አደረግን። የ11ኛ ክፍሉ ወንድማችን ሪሞቱን ይዞ ነበር። አቆመው፤ ከዚያ ለመቀጠል ቁልፉን እስኪጫን ድረስ ትንሽ ቆየ። አብራሪ መሆን አሁንም ይፈልጋል። የሒሳብ ደብተሩንም አሳይቶኛል፤ የክብ እንቅስቃሴ ጥያቄዎቹን ከአንዱ በቀር ሁሉን ሠርቷል።